የኢ-ቡኩን ቁልፍ ለራሴ ልፍታው? ለክፍሌ ልጆችስ ልላከው?

ደብዳቤው ረዘም ይላል፤ ፍሬ ነገሩን ብቻ አቅርቤዋለሁ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና የማስተርስ ተማሪ ነኝ። አሜሪካ የሚኖረው ወንድሜ ለትምህርቴ የሚያስፈልጉኝን ሦስት መጻሕፍት ከአንድ የኦንላይን መደብር በሶፍት ኮፒ ገዝቶልኛል። አንዱ ብቻውን ከ80 ዶላር በላይ ነው። አካውንቱ በእሱ ስም ነው። የማነብበት ታብሌት ወድቆ ስክሪኑ ተሰበረ። በስልኬ ልከፍት ስሞክር መተግበሪያው በየጊዜው ኮድ ይጠይቀኛል፤ ኮዱ ደግሞ የሚሄደው ወንድሜ ስልክ ላይ ነው። እሱ ሌሊት ነው የሚሠራው። እኔ ማታ ሳጠና እሱ ተኝቷል፤ መቀስቀስ ይከብደኛል። ሪፈራል አካባቢ ኮፒ ቤት የሚሠራ ልጅ ‹ፓስወርዱን ስጪኝ፣ ቁልፉን ፈትቼ ፒዲኤፍ አደርግልሻለሁ፣ ለአንዱ 200 ብር› አለኝ። ይህን የሰሙ የክፍሌ ልጆች ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ እንድለቀው እየጠየቁኝ ነው። እምቢ ብል ምን ሊሉኝ ነው? ከመካከላችን አንድ ዓይነ ስውር ልጅ አለ። የአንደኛው መጽሐፍ ቁልፍ በስልክ ድምፅ ማስነበብን ስለሚከለክል፣ ገዝቶም እንኳ አይጠቅመውም። ሕጉ ምን ይላል? ሕጉ ይቅርና፣ ይህ ሌብነት ነው? ግራ የገባኝ፣ ከሀዋሳ።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺም ይሁን።

የአራት ሰው ጉዳይ በአንድ ደብዳቤ አምጥተሻል፦ የራስሽን፣ የኮፒ ቤቱን ልጅ፣ የክፍልሽን ልጆችና የዓይነ ስውሩን ወዳጅሽን። መልሱ ለአራቱም አንድ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ፓስወርዱን። እስካሁን ካልሰጠሽ አትስጪ። ሰጥተሽ ከሆነ ደግሞ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ለወንድምሽ ደውዪና ያስቀይረው። እዚያ አካውንት ውስጥ ያለው መጽሐፍ ብቻ አይደለም። የባንክ ካርዱ፣ የቤት አድራሻው፣ የገዛው ነገር ሁሉ እዚያው ነው። ልጁ ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ግን የኮፒ ቤቶቻችንን አሠራር ታውቂዋለሽ። ኮምፒውተሩ ላይ በዲፓርትመንት የተከፋፈሉ ፎልደሮች አሉ። አንዱ ፍላሽ ይነቅላል፣ ሌላው ይሰካል። እዚያ አንዴ የገባ ፋይል ለሚቀጥለው ባች ይቀመጣል። ላንቺ በ200 ብር የተፈታው መጽሐፍ በሳምንቱ ለሌላው በ50 ብር ይሸጣል። አንዳንድ ሻጮች ደግሞ ፋይሉ ውስጥ የገዢውን ማንነት የሚጠቁም ምልክት ይከታሉ። እንዲህ ያለ ፋይል የትም ዞሮ ቢገኝ፣ የሚነሳው የወንድምሽ ስም ነው።

ችግርሽ ግን እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፍ ሳይሰበር የሚፈታበትን መንገድ እንሞክር። ወንድምሽ ዕረፍት ያለበትን ቀን ምረጡና በቪዲዮ እየተነጋገራችሁ ስልክሽን አንድ ጊዜ በደንብ መዝግቡት። ስልኩ እንደ ታወቀ መሣሪያ ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ኮድ መጠየቁ ይቀንሳል። ካልቀነሰ፣ ኮዱ በኤስኤምኤስ ወደ እሱ መሄዱን ትቶ ኮድ የሚያመነጭ መተግበሪያ ላይ እንዲሆን ማድረግ ይቻል እንደሆነ እሱ ሴቲንጉ ውስጥ ይይ። መተግበሪያው በሁለት ስልክ ላይ ሊጫን ስለሚችል፣ አንቺም ኮዱን ታገኚዋለሽ። ከዚያ ሦስቱንም መጻሕፍት ስልክሽ ላይ አውርጃቸው። ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ትችያለሽ። አንዳንድ መደብሮች ቤተሰብ የገዛውን መጽሐፍ በየራሱ አካውንት እንዲያነብ ይፈቅዳሉ። እሱም ይጠየቅ። ምናልባት በዚህ ብቻ የራስሽ ጉዳይ ያልቃል።

ካላለቀስ? ያኔ የጠየቅሽው ዋናው ነገር ይመጣል። ቁልፉን መስበር።

ቁልፉ ዲአርኤም ይባላል። አሠራሩ ይህን ያህል የተወሳሰበ አይደለም። የመጽሐፉ ፋይል ስልክሽ ላይ አለ፤ ነገር ግን የተመሰጠረ ነው። መተግበሪያው ከሻጩ ሰርቨር ቁልፉን ሲቀበል ብቻ ጽሑፉ ይነበባል። ቁልፉ የተሰጠው ለወንድምሽ አካውንትና ለተመዘገቡ መሣሪያዎች ነው። ስለዚህ ወንድምሽ «ግዛ» የሚለውን ሲጫን፣ በውሉ መሠረት ያገኘው የማንበብ ፈቃድ ነው። መጽሐፉን እንደ ወረቀት መጽሐፍ የራሱ አላደረገም። ይህ ጉዳይ ብዙ ሰው ስላስቆጣ፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጮች ገዢው የሚያገኘው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ እንዲነግሩት የሚያስገድድ ሕግ አውጥቷል። አውሮፓ ውስጥም የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2019 እ.ኤ.አ. ያነበቡትን ኢ-ቡክ እንደ አሮጌ መጽሐፍ መልሶ መሸጥ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አይቻልም ብሎ ወስኗል።

የአንባቢዎች ቁጣ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2009 እ.ኤ.አ. አማዞን ሰዎች ከፍለው የወሰዷቸውን መጻሕፍት ከመሣሪያቸው ላይ ከርቀት አጥፍቷል። መጻሕፍቱን በአማዞን በኩል ያቀረበው ሻጭ መብቱ የሌለው ሆኖ በመገኘቱ ነበር። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ኩባንያውም ይቅርታ ጠይቋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማይክሮሶፍት የኢ-ቡክ ሱቁን ሲዘጋ፣ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ መከፈት አቆሙ። እዚያም ገንዘብ ተመላሽ ሆኗል። ግን ጠርዙ ላይ ማስታወሻ እየጻፈ ያነበበ ሰው ጥቂት ገንዘብ ቢጨመርለትም መጽሐፉ አብሮት የለም። እንዲህ እያየ «የከፈልኩበትን መጽሐፍ ቅጂ እኔው ዘንድ ላስቀምጥ» የሚልን ሰው ሌባ ለማለት አፌ አይደፍርም።

ስለዚህ ለጥያቄሽ፦ ወንድምሽ ለመጽሐፉ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል። ደራሲው ድርሻውን አግኝቷል። አንቺ የተገዛልሽን መጽሐፍ ለራስሽ ብቻ በሌላ ስልክ ብታነቢው ማንም ሰው አንዲት ሳንቲም አይጎድልበትም። በእኔ እምነት ይህ ሌብነት አይደለም። ኃጢአትም አይመስለኝም።

ሕጉ ግን ይህን አይቶ ብቻ አይፈርድም። ወንድምሽ የሚኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዲኤምሲኤ የሚባል ሕግ አለ። ይህ ሕግ ከማባዛት ባለፈ፣ ቁልፉን መስበሩን ራሱን ችሎ ይከለክላል። ቁልፍ መስበሪያ ፕሮግራም መሥራትና ማከፋፈልንም እንደዚሁ። «የራሴ ነው፣ ለራሴ ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። በ2001 እ.ኤ.አ. ዲሚትሪ ስክላሮቭ የተባለ ሩሲያዊ ፕሮግራመር ላስቬጋስ ላይ ታስሯል። የኢ-ቡክ ቁልፍ የሚፈታ ፕሮግራም ከሠሩት አንዱ ነበር፤ የተያዘውም ስለዚሁ ጉዳይ ለመናገር ሄዶ ነው። በኋላ እሱ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተፈቀደለት። አሠሪው ኩባንያም በ2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በዳኞች ጉባኤ ነፃ ወጣ። ነፃ እስኪወጡ ያዩትን መከራ ግን አስቢው። ስለዚህ ቁልፉ ይፈታ ብለሽ ስትወስኚ እንኳ፣ ወንድምሽን እንዲህ ያለ ነገር አድርግልኝ አትበይው። ስደት ላይ ያለ ሰው ነው። በትንሽ ነገር ስሙ እንዲነሳ አትፈልጊም። ሌላው ቢቀር መደብሩ ውሉን ጥሰሃል ብሎ አካውንቱን ሊዘጋበት ይችላል። ያኔ ሦስቱም መጻሕፍት አብረው ይሄዳሉ።

እዚህ አገርስ? የእኛው ሕግ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የአዋጁ ክብደት ያረፈው ሥራን ያለ ፈቃድ ማባዛትና ማሰራጨት ላይ ነው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። አንቀጽ 9 አንድ ሰው ለግል ጥቅሙ አንድ ቅጂ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ፈቃዱ ግን ጠበብ ያለ ነው። አንድን መጽሐፍ ሙሉውን ወይም አብዛኛውን ፎቶ ኮፒ ማድረግን አይጨምርም። የባለመብቱን ጥቅም አላግባብ የሚጎዳ ከሆነም አይሠራም። አዎ፣ በየግቢው በር ላይ ሙሉ መጽሐፍ ኮፒ ተደርጎ በስፓይራል ተጠርዞ የሚሸጠው ከሕጉ ውጪ ነው። የለመድነው ስለሆነ ሕጋዊ አይሆንም። ሆን ተብሎ የሚፈጸም ጥሰት ደግሞ ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

እዚህ ላይ አንድ የክፍልሽ ጎበዝ ተነስቶ «የውጭ አገር መጽሐፍ በኛ ሕግ አይጠበቅም» ሊል ይችላል። ነገሩ መነሻ አለው። አዋጁ ለውጭ ሥራዎች ጥበቃ የሚሰጠው ኢትዮጵያ በገባችባቸው ስምምነቶች መሠረት ነው። አገራችንም ዋናውን ዓለም አቀፍ የቅጅ መብት ውል፣ የበርን ስምምነትን፣ ሳትቀላቀል ብዙ ዘመን ቆይታለች። እኔ ግን ሰው በዚህ ክፍተት ሲደገፍ ሳይ ደስ አይለኝም። ክፍተቱ ሕጉን እንጂ ደራሲውን አያስቀረውም። እያንዳንዱ ምዕራፍ ላይ ዓመታት ያፈሰሰ ሰው አለ። ደግሞስ በውጭ መጽሐፍ የለመደ እጅ ለአገር ልጅ ይራራል?

ነገሩ ሆዴን የሚበላኝ እዚህ ላይ ነው። ፒያሳ ላይ መጽሐፍ እስከ አገጩ ደርድሮ ከካፌ ካፌ የሚዞረውን አዟሪ አይተሽዋል። እዚያ ክንድ ላይ ካሉት አማርኛ መጻሕፍት ብዙዎቹን ያሳተማቸው ደራሲው ራሱ ነው፤ ከዘመድ ተበድሮ፣ ዕቁቡን አውጥቶ። የወረቀት ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ይወስዳል፣ አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል፣ አዟሪውም መብላት አለበት። ለደራሲው የሚተርፈው ትንሽ ነው። ከዚያ መጽሐፉ ገና መወራት ሲጀምር ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ ይወጣል። ገጽ በገጽ በስልክ ፎቶ የተነሳ። ከገጹ ጥግ መጽሐፉን ገልጦ የያዘው ሰው አውራ ጣት ይታያል። አንዳንዱ ላይ የካፌው ጠረጴዛና የማኪያቶ ብርጭቆ ጠርዝ ሳይቀር አለ። ሥሩ ላይ «ለወዳጅ ዘመድ ያጋሩ» ተብሎ ተጽፏል። ከዚያ ያ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ አያወጣም። እኛም «የአማርኛ ጥሩ መጽሐፍ ጠፋ» እንላለን።

እነዚያ መጻሕፍት ምንም ቁልፍ አልነበረባቸውም፤ ወረቀት ነበሩ። የዲአርኤም ቁልፍ ሌባን አላስቆመም። ከፍሎ የገዛውን፣ እንዳንቺ ያለውን ነው የሚያስቸግረው። ቶር የተባለው ትልቅ አሳታሚ በ2012 እ.ኤ.አ. ከኢ-ቡኮቹ ሁሉ ላይ ቁልፉን አነሳ። ከዓመት በኋላ የእንግሊዙ ክፍል ይህን ያህል የሚታይ የስርቆት ጭማሪ አላየንም ብሏል። ስለዚህ ቁልፉን አልወደውም ስልሽ ከልቤ ነው። ቁልፉን አለመውደድ ግን መጽሐፉን በነፃ ማደል አይደለም። የኔ ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ አንባቢ የሚያነበው ቅጂ ተከፍሎበታል ወይ? ያንቺ ተከፍሎበታል። የግሩፑ አልተከፈለበትም።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ አትልቀቂው። ለአንድ ሰው ብቻ ብለሽም አትላኪ። «ለማንም እንዳትሰጪ» ተብሎ የተላከ ፋይል የት እንደሚደርስ ታውቂያለሽ።

ይሉኝታው ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። አብራችሁ ትበላላችሁ፣ አብራችሁ ታጠናላችሁ፣ ነገ ሪሰርች ላይ ዳታ የሚሰበስብልሽ እነሱ ናቸው። «የለኝም» ብለሽ አትዋሺ። እውነቱን ንገሪያቸው፦ «አካውንቱ የወንድሜ ነው፤ እሱን ችግር ውስጥ አልከትም።» የወንድምን ነገር የማይረዳ ሐበሻ የለም። ቀጥለሽ ልትሰጪ የምትችይውን ስጪ። ምዕራፉን አንብበሽ በራስሽ አባባል ማስታወሻ አዘጋጂና አካፍያቸው። የሐሳብ ባለቤት የለም፤ አዋጁም የሚጠብቀው አገላለጹን እንጂ ሐሳቡን አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስባችሁ ስልክሽን መሐል አድርገሽ ጮክ ብለሽ ብታነቢላቸው ደግሞ ማን ይከለክልሻል?

ከዚያም በላይ በነፃ የተከፈተ በር አለ፤ ብዙ ተማሪ እኮ አያውቀውም። በጤና ዘርፍ ስለሆንሽ ሂናሪን ጠይቂ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ሆኖ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት በጣም ብዙ የጤና ጆርናሎችንና መጻሕፍትን ያለ ክፍያ ይከፍታል። የሚሠራው በተቋም በኩል ስለሆነ ላይብረሪያችሁ ሄደሽ «የሂናሪ መግቢያ አለን?» በይ። ከሌለ እንዲመዘገቡ ወጥሩ። ኦፕንስታክስ የሚባለው የአሜሪካ ፕሮጀክትም አለ፤ ስታቲስቲክስን ጨምሮ ሙሉ የኮሌጅ መጻሕፍትን ደራሲዎቹ ፈቅደው በነፃ ያወጣል። ማውረድም ለጓደኛ መላክም ይቻላል። ያንቺን መጽሐፍ ራሱን አታገኚበት ይሆናል፤ ለፈተናው የሚበቃ ነገር ግን ይገኛል። ክፍሉ በሙሉ ያንን መጽሐፍ የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ ስማችሁን ፈርማችሁ ዲፓርትመንቱ ለላይብረሪ እንዲያስገዛ ጠይቁ። ብቻሽን ከምትጠይቂው ይልቅ ክፍሉ ሲጠይቅ ይሰማል።

አሁን ወደ ዓይነ ስውሩ ወዳጅሽ ልምጣ። የእሱን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት በደንብ እንዲነገር ብዬ ነው። እሱ እንደ ሌሎቹ ነፃ መጽሐፍ አይደለም የጠየቀው። ገዝቶ እንኳ ማንበብ አልቻለም። ይህ በደል ነው፤ ሕጉም በዚህ ላይ ከእሱ ጋር ቆሟል። በ2013 እ.ኤ.አ. ማራካሽ ላይ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት አለ። ዓይነ ስውራንና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች መጻሕፍትን በሚችሉት መልክ፣ በብሬል፣ በድምፅ፣ ስክሪን ሪደር (ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መተግበሪያ) በሚያነበው ፋይል፣ ባለመብቱን ሳያስፈቅዱ እንዲያገኙ በር ይከፍታል። ቁልፍ ይህን መብት እንዳያግድ አባል አገሮች ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱም ያዛል። ኢትዮጵያ በ2020 እ.ኤ.አ. ስምምነቱን ተቀላቅላለች። በዚያ ጥብቅ የአሜሪካ ሕግ ውስጥ እንኳ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓይነ ስውራን የኢ-ቡክ ንባብ የተለየ ፈቃድ ተሰጥቷል፤ በየሦስት ዓመቱም እየታደሰ መጥቷል።

ስለዚህ ለእሱ ሲሆን ነገሩን በድብቅ አታድርጉት፤ ፊት ለፊት ጠይቁ። መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎችን ጉዳይ የሚከታተለውን ክፍል ያነጋግር። ስምምነቱ እንዲህ ያለውን ቅጂ የማዘጋጀትና ከውጭ የማስመጣት ሥራ በዋናነት የሰጠው ለተቋማት ነው። ቡክሼር የሚባል ለማንበብ ለሚቸገሩ ሰዎች የተቋቋመ የኦንላይን ቤተ መጽሐፍትም አለ፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ አባል መሆን እንደሚችል ይጠይቃቸው። ከዚያ ለአሳታሚው ኢሜይል ይጻፍ፤ ብዙዎቹ የመማሪያ መጽሐፍ አሳታሚዎች ለዚህ ጉዳይ የተለየ አድራሻ አላቸው። አጻጻፉ ላይ አንቺ አግዢው። የመጽሐፉ ርዕስ፣ እትሙና የአይኤስቢኤን ቁጥሩ፣ የሚማርበት ተቋም ስም፣ ዓይነ ስውር መሆኑ፣ በስልኩ የሚጠቀምበት ስክሪን ሪደር ቶክባክ መሆኑ፣ ፋይሉን በምን መልክ እንደሚፈልግ ይጻፍ። መጽሐፉን ገዝቶ ከሆነ ደረሰኙን ያያይዝ። ጉዳዩን የሚከታተለው ክፍል ወይም አስተማሪያችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ከጻፈላችሁ አብራችሁ ላኩት። መልስ ለማግኘት ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል፣ ሚድ እስኪደርስ ሳትጠብቁ በዚህ ሳምንት ላኩት። እስከዚያው መጽሐፉን ተራ ገብታችሁ አንብቡለት።